“ተጠየቅ” የማይባል ከሳሽ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ ይቆራኙ ነበር። የአንዱ ኩታ ጫፍ ከሌላው ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ነገሩ ከበድ ያለ እንደሆነም የሁለቱ እጅ በአንድ ሰንሰለት ይያያዛል። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ይህን አይተው ተገርመው ጽፈውታል። ልማዱ ጨካኝ እንደነበረ አልክድም። ዳሩ ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ባለዕዳ የተባለው ሰው ከሳሹን ያውቀዋል። ፊቱን ያየዋል። “ከፍዬሃለሁ” ወይም “አልተበደርኩህም” ሊለው ይችላል፤ ዳኛ ፊት ሲደርሱም “ተጠየቅ” ብሎ ሊጠይቀው፣ በላ ልበልሃ ተባብሎ ሊሟገተው መብት አለው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው ጽሑፌ ላወራ ያሰብኩት ስለ ሌላ ዓይነት ቁራኛ ነው። በአሜሪካን አገር የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ከእኛ ወገን የሄዱትን ጨምሮ፣ “የክሬዲት ሪፖርት” ከሚባል ወረቀት ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። ከማን ተበደረ፣ በወቅቱ ከፈለ ወይስ አዘገየ፣ ለዕዳ አስከፋይ የተላለፈ ሒሳብ አለበት ወይስ የለበትም፣ ይህ ሁሉ በዚያ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ወረቀቱን የሚይዙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች ናቸው። ሰውየው አልመረጣቸውም፤ ውልም አልገባላቸውም። ሆኖም ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲገዛ፣ አንዳንዴም ሥራ ሲለምን ከእሱ ቀድመው ስለ እሱ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን አይቶ “ይህ ሐሰት ነው፤ ይታረም” የማለት መብት ሰው ያገኘው መቼና እንዴት ነው? መብቱስ ዛሬ ምን ያህል ይሠራል? መልሱን ለማግኘት ወደ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኒው ዮርክ መመለስ ያስፈልጋል።

የሐር ነጋዴው ደብተር

ሉዊስ ታፓን በኒው ዮርክ ከወንድሙ ከአርተር ጋር የሐር ንግድ ይነግድ ነበር። ሁለቱም ሃይማኖተኞችና የባርነት ብርቱ ተቃዋሚዎች ነበሩ። በዚህ አቋሙ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1834 ዓመፀኞች የሉዊስን ቤት ሰብረው ዕቃውን መንገድ ላይ አውጥተው አቃጥለውበታል። በ1839 “አሚስታድ” በምትባል መርከብ ላይ አምፀው አሜሪካን ዳርቻ ለደረሱት አፍሪካውያን ጠበቃ ያቆመውን ኮሚቴ ካቋቋሙት አንዱ እሱ ነው።

በ1837 በአገሪቱ ላይ ታላቅ የንግድ ውድቀት ሆነ። የወንድማማቾቹም ንግድ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ወደቀ። ምክንያቱ የሚገርም አልነበረም። ከሩቅ ከተማ የሚመጣው ቸርቻሪ ዕቃውን በዱቤ ወስዶ ይሄዳል፤ ስለ እሱ የሚታወቀው ይዞት የመጣው የምስክር ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወዳጁ ነው። ታፓን ከዚህ ውድቀት ትምህርት ቀሰመ። በ1841፣ የአሚስታድ አፍሪካውያን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነፃ በወጡበት በዚያው ዓመት፣ “መርካንታይል ኤጀንሲ” የተባለ ድርጅት አቋቋመ። በየከተማው አንድ ታማኝ ወሬ አቀባይ አስቀመጠ፤ አብዛኞቹ የሕግ ጠበቆች ነበሩ። ጠበቃው በአካባቢው ስላለው ነጋዴ ሀብት፣ ጠባይ፣ መጠጥ፣ የቤተሰብ ኑሮ ሳይቀር ጽፎ ይልካል። በኒው ዮርክ ያሉ ጸሐፊዎች ያንን በትልልቅ መዝገቦች ላይ ይገለብጣሉ። የከፈለ አባል ነጋዴ ወደ ቢሮው መጥቶ ስለሚፈልገው ሰው ይጠይቃል፤ ጸሐፊውም ያነብለታል። አብርሃም ሊንከን እንኳ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ በጠበቃነት ሳለ፣ ከነዚህ ወሬ አቀባዮች አንዱ ነበር።

እነዚህ መዝገቦች ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውም ከ2,500 ጥራዝ ይበልጣል። ለታሪክ ተመራማሪ ውድ ሀብት ናቸው። በጊዜው ግን አንድ ሰው ብቻ እንዳያያቸው ተከልክሎ ነበር፤ እሱም የተጻፈበት ሰው ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ታፓን ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ሸቀጥ ሆኖ መሸጡን ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ የተቃወመ ሰው ነው። የድርጅቱም ዓላማ ሐቀኛውን ነጋዴ ከአጭበርባሪው መለየት ነበር። ሆኖም መዝገቡን በምስጢር መያዝ ግድ ሆነበት፤ ምስጢሩ ካልተጠበቀ ወሬ አቀባዩ እውነቱን አይጽፍምና። በደሉ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ስሙ የማይጠራ ምስክር እውነቱን ለመናገር ድፍረት እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ሐሰቱንም ለመናገር ያንኑ ድፍረት ያገኛል።

የኦሃዮው ነጋዴ ክስ

ይህ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በኦሃዮ ግዛት፣ ኖርዋክ በተባለች ከተማ፣ ጆን ቢርድስሊ የሚባል ነጋዴ ነበር። በታፓን መዝገብ ላይ ሚስቱ ልትፈታው እንደሆነና ንብረቱንም እንደምትካፈለው ተጽፎ ለኒው ዮርክ ነጋዴዎች ተነበበ። አበዳሪዎች ሸሹት። ቢርድስሊ በ1848 ታፓንን በስም ማጥፋት ከሰሰ።

በችሎቱ ላይ ዋናው ጥያቄ “ይህን የጻፈው ማነው?” የሚል ነበር። ድርጅቱን ከታፓን የተረከበው ቤንጃሚን ዳግላስ የወሬ አቀባዮቹን ስም እንዲናገር ታዘዘ። አልናገርም አለ፤ በዚሁም ታሰረ። ሰዎች ለሃይማኖታቸው ሲታሰሩ ሰምተናል፤ ዳግላስ ግን የታሰረው ለደብተሩ ምስጢር ነው። በመጨረሻ ዳኞቹ ለነጋዴው 10,000 ዶላር ካሣ ፈረዱለት፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ድርጅቱ ግን ይግባኝ አለ። ነገሩ ተጓትቶ ተጓትቶ በ1870 የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የሻረበት ምክንያት በመዝገብ የተጻፈው እውነት ሆኖ ስለተገኘ አልነበረም፤ የማስረጃ አቀራረብ ሥርዓት አልተጠበቀም በማለት ነው። ነጋዴው ሃያ ሁለት ዓመት ተሟግቶ ያገኘው ይህንን ነው።

ዳኞች ከዚያ በኋላ በሌሎች ግዛቶችም ብዙውን ጊዜ ወደ ድርጅቶቹ አዘነበሉ። ነገሩ ለንግድ ይጠቅማል፤ ክፋት ታስቦበት ካልሆነ በቀር ስሕተት ያስጠይቃል ማለት ንግድን ያውካል የሚል ነበር ክርክሩ። የታፓን ድርጅት በሮበርት ዳን እጅ ገብቶ “አር. ጂ. ዳን” ተባለ፤ በ1933 ደግሞ ከተፎካካሪው ከብራድስትሪት ጋር ተዋሐደ። እስከ ዛሬም ስለ ነጋዴዎች መረጃ ይሸጣል።

ከነጋዴው ወደ ተራው ሰው

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ነጋዴዎች ነው። ተራው ሰው በመዝገብ መግባት የጀመረው ቆየት ብሎ ነው። በ1899 ኬተርና ጋይ ዉልፎርድ የተባሉ ወንድማማቾች በአትላንታ “ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ” የተባለ ድርጅት መሠረቱ። መጀመሪያ የየሱቁን የዱቤ ደንበኞች ስም እየሰበሰቡ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል በደብተር አሳትመው ለነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ኋላ ዋናው ገበያቸው የሕይወት ኢንሹራንስ ሆነ። ተቆጣጣሪው ወደ ሰፈር ሄዶ ጎረቤት ያንኳኳል፤ ሰውየው ይጠጣል ወይ? ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ? ከማን ጋር ይውላል? የሰማውን ጽፎ ያስገባል። ጎረቤቱ ቂም ያለው ይሁን አይሁን የሚያጣራ የለም።

በ1960ዎቹ ይህ ድርጅትና መሰሎቹ በአሥር ሚሊዮን በሚቆጠሩ አሜሪካውያን ላይ ማኅደር ይዘው ነበር። ደንበኞቻቸው በሚፈርሙት ውል ላይም ሪፖርቱን ለተጻፈበት ሰው እንዳያሳዩ፣ ወሬው ከየት እንደመጣም እንዳይናገሩ የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። ሰው ኢንሹራንስ ይከለከላል፤ ለምን እንደተከለከለ አይነገረውም። የሚነግረው ቢያገኝ እንኳ የሚያርምበት በር አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ኮምፒዩተር መጣ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት አለን ዌስቲን በ1968 ኮንግሬስ ፊት ቀርበው የእነዚህን ማኅደሮች አደጋ አስረዱ። የዊስኮንሲኑ ሴኔተር ዊሊያም ፕሮክስማየር በ1969 የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ብዙ ከተሸራረፈ በኋላ ረቂቁ ሕግ ሆኖ በጥቅምት ወር 1970 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ተፈረመ። የኦሃዮው ነጋዴ ፍርድ ከተሻረ ልክ መቶ ዓመት መሆኑ ነው።

ሕጉ ምን ሰጠ? ሰው በማኅደሩ ያለውን ፍሬ ነገር የመስማት መብት አገኘ። “ሐሰት ነው” ካለ ድርጅቱ እንደገና የማጣራት ግዴታ ተጣለበት፤ ካላረጋገጠው ይሠርዘዋል። ክርክሩ ካልተፈታ ሰውየው በራሱ አነጋገር አጭር መግለጫ ጽፎ በማኅደሩ ውስጥ እንዲቀመጥለት ማድረግ ይችላል። መጥፎው ነጥብ እውነት ቢሆንም ከ7 ዓመት በኋላ በአብዛኛው ይወጣል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ የምትናቅ አይደለችም፤ ሕግ አውጪው ሰው ሊለወጥ ይችላል ብሎ ማመኑን ታሳያለች።

ሕጉ የወሰደውም አለ። ድርጅቶቹ መዝገባቸውን እንዲከፍቱ ሲገደዱ በልዋጩ በስም ማጥፋት በቀላሉ እንዳይከሰሱ ከለላ አገኙ። የተጻፈውን ወረቀት ቅጂ የመስጠት ግዴታም መጀመሪያ አልነበረባቸውም። ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ በ1975 ስሙን ቀየረና ኢኩዊፋክስ ተባለ።

በአንድ ቀን ባለዕዳ የሆነች ከተማ

መብት በወረቀት መኖሩና ስሕተት መቅረቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በ1991 ቨርሞንት ውስጥ የሆነው ነገር አሳየ። ኖርዊች የምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ብድር ሲጠይቁ እየተከለከሉ መገረም ጀመሩ። ጉዳዩ ሲጣራ ቲ.አር.ደብሊው. የተባለው የክሬዲት ድርጅት 1,400 የሚሆኑ ነዋሪዎችን ግብር ያልከፈሉ ብሎ መዝግቧቸው ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። መረጃ እንዲሰበስብ የተቀጠረ ሰው ወደ ከተማዋ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የግብር መዝገብ ገለበጠ። የገለበጠው ግን ያልከፈሉትን ሳይሆን የከፈሉትን ሰዎች ስም ነው! ግዴታውን የፈጸመው ሁሉ ባለዕዳ ሆኖ አረፈው።

የኖርዊች ሰዎች ዕድለኞች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ቀን ተበደሉ። ከተማ ሙሉ ሲጮኽ ይሰማል። ጋዜጣው ጻፈ፤ የየግዛቱ ዓቃቤ ሕጎች ከሰሱ፤ ድርጅቱም አሠራሩን ለማሻሻል በስምምነት ቃል ገባ። ይኸው የክሬዲት ክፍሉ በ1996 ተሽጦ ኤክስፔሪያን ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ሲበደል ግን ማን ይሰማዋል?

በ1996 ኮንግሬስ ሕጉን አጠናከረው። ለማጣራቱ 30 ቀን ገደብ ተቀመጠ፤ ሰውየው በመሐል ተጨማሪ ማስረጃ ካቀረበ እስከ 15 ቀን ሊራዘም ይችላል። መረጃውን ያቀበለው ባንክ ወይም ዕዳ አስከፋይም የማጣራት ኃላፊነት ተጣለበት። በ2003 የወጣው ሕግ ደግሞ ማንም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርቱን ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ፈቀደ፤ በ2023 ሦስቱ ድርጅቶች በየሳምንቱ በነፃ ማየት ቋሚ እንደሚሆን አስታወቁ። ከታፓን ቢሮ ሹክሹክታ እዚህ ለመድረስ አንድ መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ማጣራት ማለት ምን ማለት ነው?

መዝገቡ ተከፈተ፤ ጥያቄው ግን ወደ ሌላ ዞረ። “እንደገና አጣሩ” ሲባል ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው የሚገምተው አንድ ሠራተኛ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ ደረሰኙን አይቶ፣ ስልክ ደውሎ ይፈርዳል ብሎ ነው። ይህ አልነበረም። የሰውየው ደብዳቤ በሁለት ወይም በሦስት አኃዝ ኮድ ይጠቃለላል፤ “ሒሳቡ የእኔ አይደለም” የሚል ኮድ አለ፣ “ከፍያለሁ” የሚል ኮድ አለ። ኮዱ በኮምፒዩተር ወደ አበዳሪው ይላካል። አበዳሪው የራሱን መዝገብ አይቶ “እኔ ዘንድም እንዲሁ ተጽፏል” ይላል። ከዚያም ለሰውየው “ተረጋግጧል” የሚል መልስ ይሄዳል። የአሜሪካን የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2012 ባወጣው ጥናት ሦስቱ ድርጅቶች ከሚቀርብላቸው ክርክር ራሳቸው የሚፈቱት በአማካይ 15 በመቶውን ብቻ ሲሆን 85 በመቶውን ወደ መረጃ አቀባዩ ይመልሱ ነበር። ሰዎች በፖስታ የላኩት ማስረጃም በአብዛኛው አብሮ አይተላለፍም ነበር።

እንግዲህ ከሳሹ ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። በእኛ አገር የችሎት ልማድ “ተጠየቅ” የተባለ ሰው “እንደነገርኩህ ነው” ብሎ ዝም ቢል ዳኛው አይለቀውም። በ1997 በፊላደልፊያ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም ወደዚሁ ሐሳብ መጥቷል፤ ማጣራት ማለት የአበዳሪውን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ መድገም አይደለም፤ ድርጅቱ እንደ ሁኔታው ከዚያ አልፎ መሄድ ይኖርበታል ብሎ ፈረደ።

ስሕተቱ ጥቂት ነው እንዳይባል የአሜሪካን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ጥናት አለ። በጥናቱ 1,001 ሰዎች ተሳትፈው ሪፖርታቸው አንድ በአንድ ተመረመረ። ከመቶው 26ቱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርታቸው ላይ ሊጎዳቸው የሚችል ስሕተት አገኙ። ከመቶው 5ቱ ደግሞ በስሕተቱ ምክንያት ብድር ሊወደድባቸው የሚችል ሆኖ ተገኘ። 5 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ማኅደር የተያዘባቸው ሰዎች ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን አስቡ።

የስማችን ጉዳይ

ከዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ አንድን ሒሳብ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ስምን፣ የትውልድ ቀንን፣ አድራሻንና የመለያ ቁጥርን እያጣመረ ነው። ሁሉም እንዲገጥም ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ አብዛኛው ከተቀራረበ ይበቃዋል። የእኛ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም። የአባቱ ወይም የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል። ተስፋዬ በቀለ፣ አበበ ከበደ፣ መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው ስንት ነው? በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራትና አምስት ዓይነት ይሆናል። በስደት ካምፕ ያለፉ ብዙዎች የትውልድ ቀናቸው ስለማይታወቅ “ጃንዋሪ 1” ተብሎ ተሰጥቷቸዋል። የእኛን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲመልሱ በአንዱ ቅጽ ላይ አንድ ዓመት፣ በሌላው ሌላ ዓመት የተጻፈባቸውም አሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ማኅደር ውስጥ ቢገቡ ምን ያስደንቃል?

በዋሽንግተን አካባቢ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሥራ በኋላ ለአገር ልጆች ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ከመጡት አንዱ ታክሲ የሚነዱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቤት ለመግዛት ባንክ ጠይቀው ተከልክለዋል። ሪፖርታቸውን ስናወጣ ኖረውበት በማያውቁት ግዛት ያለ የሆስፒታል ዕዳ ተጽፎባቸዋል።

“አንተ ልጅ፣ እኔ በዚህ አገር ሆስፒታል ተኝቼ አላውቅም። ይኼ የማን ዕዳ ነው?” አሉኝ።

“የሞክሼዎ ይሆናል፣ ጋሼ። የትውልድ ቀናችሁም አንድ ነው፤ ጃንዋሪ 1።”

“ታዲያ ስሙን ከእኔ ጋር ማን አጋባው?”

ጻፍን። በወሩ “ተረጋግጧል” የሚል መልስ መጣ። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አገላብጠው “ማን ነው ያረጋገጠው? እኔን የጠየቀኝ የለም” አሉ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ከበፊቱ በተለየ መንገድ ጻፍነው። የመንጃ ፈቃዳቸውን፣ በነዚያ ዓመታት የኖሩበትን ቤት የኪራይ ውልና የታክሲ ፈቃዳቸውን ቅጂ አያያዝን። ለዕዳ አስከፋዩም ለብቻው ጽፈን የታካሚው አድራሻና የታከመበት ቀን እንዲገለጽልን ጠየቅን። አድራሻው ሲመጣ የሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ፤ መስመሩም ተሠረዘ። ቤቱ ግን በመሐሉ ተሽጦ ነበር። ጋሼ ብዙ አላማረሩም፤ “ይሁን፣ ሌላ ቤት ይገኛል፤ ልጆቹ ግን የሰፈሩን ትምህርት ቤት ወደውት ነበር” ብለው ዝም አሉ።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2011 ሰርሂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሊገዛ ሄደ። ትራንስዩኒየን ባወጣው ሪፖርት ላይ ስሙ የአሜሪካን መንግሥት የአሸባሪዎችና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ውስጥ ካለ ስም ጋር እንደሚገጥም ተጽፎበት ተገኘ። ድርጅቱ ያመሳከረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምን ብቻ ነበር። ሻጩ ለእሱ አልሸጥም አለ፤ መኪናው በሚስቱ ስም ተገዛ። ራሚሬዝ እንደ እሱ የተጻፈባቸውን 8,185 ሰዎች ወክሎ ከሰሰ። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሣ ለመጠየቅ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላለፈው 1,853ቱ ብቻ ናቸው አለ። የቀሩት ሐሰቱ በማኅደራቸው ቢኖርም ማንም ስላላነበበው አልተጎዱም ተባሉ። ከዳኞቹ አራቱ በዚህ አልተስማሙም። እኔም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይከብደኛል። በመሳቢያ የተቀመጠ ሐሰት ጉዳት አይደለም ከተባለ፣ ሰው አስቀድሞ የሚያሳርመው ለምንድነው?

ለሚሟገት ሰው

ይህን ሁሉ የጻፍኩት መብቱ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። መብቱ አለ፤ ግን ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ሰው አይሠራም። ከታሪኩና ካየሁት የተረዳሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ብድር ከመጠየቅ ብዙ ወራት አስቀድሞ ሦስቱንም ሪፖርት ማየት ነው፤ በአንዱ የሌለ ስሕተት በሌላው ይገኛልና። ሁለተኛ፣ “ሪፖርቴ ስሕተት አለበት” ብሎ በጅምላ መጻፍ አይጠቅምም። የትኛው መስመር፣ በየትኛው ሒሳብ ቁጥር፣ ለምን ሐሰት እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ማስረጃን በቅጂ አያይዞ፣ ዋናውን በእጅ አስቀርቶ፣ ተቀባዩ በሚፈርምበት የአደራ ፖስታ መላክ ነው፤ ሰላሳው ቀን የሚቆጠረው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ነው። አራተኛ፣ ለክሬዲት ድርጅቱም ሆነ መረጃውን ላቀበለው ወገን ለሁለቱም መጻፍ ነው። አምስተኛ፣ “ተረጋግጧል” የሚለውን መልስ እንደ መጨረሻ ፍርድ አለመቁጠር ነው። እንዴት እንደተረጋገጠ መጠየቅ መብት ነው፤ ፍርድ ቤት መሄድም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን መሸፋፈን የለበትም። በወቅቱ ያልተከፈለ እውነተኛ ዕዳ በክርክር አይፋቅም፤ የሚፍቀው ጊዜ ነው። “ገንዘብ አምጣ፣ መጥፎውን ሁሉ አጠፋልሃለሁ” እያሉ የሚዞሩ ሰዎች አሉ፤ በራሳችን ቋንቋ የሚያስተዋውቁም አይጠፉም። በ1996 የወጣ ሕግ ሥራውን ሳይፈጽሙ አስቀድመው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላቸዋል። እነሱ የሚጽፉትን ደብዳቤ ሰው በራሱ እጅ በነፃ ሊጽፈው ይችላል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ስም በሰው አንደበት የሚኖር ነገር ነበር፤ ያጎደፈው ጎረቤት ይታወቃል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃል። አሁን ስም በማሽን ውስጥ መኖር ጀምሯል። በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ የተበዳሪዎች መረጃ የሚሰባሰብበት የብድር መረጃ ማዕከል ካቋቋመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በስልክ የሚሰጥ ብድርም እየተስፋፋ ነው። ባንክ ያለ እንዲህ ያለ መዝገብ በድፍረት ሊያበድር አይችልም፤ መያዣ የሚሆን ቤት የሌለው ድሃም በጥሩ ስሙ ብቻ ሊበደር የሚችለው በዚሁ መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ይኑር። የምንጠይቀው የታፓን ዘመን ነጋዴ ሃያ ሁለት ዓመት ተሟግቶ ያጣውን ነው። የተጻፈበት ሰው ያንብበው፤ የጻፈውም ሰው ተጠየቅ ሲባል ቀርቦ ይመልስ።